ከታንጉት ጋር የተከልነው ድንች

ቅዳሜ ቅዳሜ በላሊበላ ገበያ፣ ከደጋ የወረዱ ሴቶች ድንቻቸውን ከጆንያ መሬት ላይ ሲዘረግፉት አንድ ሽታ ይነሣል፤ የድንቹ ሳይሆን ድንቹ ላይ የተጣበቀው ጥቁር አፈር ሽታ ነው፣ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ የፍግ ጠረን ያለው። ሲሸተኝ ልቤ አይሸበርም፣ ዓይኔም እንባ አያቀርርም፤ ዘንቢሌን እንደያዝኩ ባለሁበት እቆምና ልገዛ የመጣሁትን እረሳለሁ። ከዚያ ሻጯ «እትየ፣ ልስፈርልሽ?» ስትለኝ እመለሳለሁ። ያ ሽታ የሚወስደኝ ወደ አንድ በልግ ነው፣ ከድርቁ ቀጥሎ ወደ መጣው በልግ፣ እኔና ጓደኛዬ ታንጉት ቀጭን ውኃ ከምትባለው ምንጭ ሥር ሁለት መደብ መሬት ይዘን ድንች ወደ ተከልንበት ጊዜ።

በደርግ ዘመን፣ ያ ብዙ ሰው የጨረሰ ድርቅ ሊያበቃ ሲል ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአሸተን ማርያም ተራራ በስተጀርባ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ከተደረደሩት የድንጋይ ቤቶች አንዱ ነበር፤ አንዱ በር ለሰው፣ አንዱ በር ለከብት ነበር፣ ከብቶቹ ካለቁ ወዲህ ግን የከብቱን በር የሚከፍተው ሰው አልነበረም። አባየ ሁለቱ በሬዎች ተከታትለው ሲሞቱበት ቆዳቸውን ተሸክሞ የቀን ሥራ ሊፈልግ ወደ ቆቦ ወርዶ፣ እሱም ወሬውም ጠፍተው ቀሩ። እሱ በሄደ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ ትንሿ እህቴ ትርንጎ ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር። ታመመች የሚባልም አልነበረም፤ አንድ ቀን መራመድ ተወች፣ ሌላ ቀን መናገር ተወች፣ ከዚያ አንድ ጧት እማየ ስትነካት ቀዝቅዛ ነበር።

ያን ቀን አላለቀስኩም። ለቅሶ የደረሰን ሰውም ብዙ አልነበረም፣ ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ሕመምተኛ አስተኝቶ ነበርና። እንዳላለቀስኩ ያወቅሁት ራሱ ከቀናት በኋላ ነው፤ ውኃ ልቀዳ ስሄድ ትዝ ብሎኝ «ምነው እኔ?» አልኩና እንስራዬን ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ። ብዙ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር፣ ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር መኖሩን አውቃለሁ፣ ብነካው ግን አይሰማኝም። እማየ ደግሞ ከግድግዳው ሥር አጎዛዋ ላይ ተኝታ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። የእርዳታ ስንዴ ሲታደል ተሰልፌ የምቀበለው እኔ፣ ቆልቼ እጇ ላይ የማኖርላት እኔ ነበርኩ። ትበላ ነበር። አትናገርም ነበር።

ታንጉት የጎረቤታችን የአያ ሞላ ልጅ ነበረች። ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ እናቷ ከድርቁ በፊት በወሊድ ስለሞተች፣ አባቷንና ታናሽ ወንድሟን የምታበላውም፣ የምታጥብላቸውም፣ ሲያስፈልግ የምትቆጣቸውም እሷ ነበረች። ክንዶቿ እንደ ጭራሮ ቀጥነው ነበር፣ ሆኖም ዝም ብላ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ትምህርት ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኖ ከተዘጋ ወዲህ የሌላው ልጅ ሁሉ ሥራ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ሲሆን፣ እሷ የፈረሰ ካብ ስትክብ፣ የሞተ በግ ቆዳ ስትፍቅ፣ አንድ ነገር ስታደርግ ትውል ነበር። በየጧቱ ቤታችን ትመጣና በሩ ላይ ቆማ «እትየ ዝማም፣ እንዴት አደሩ?» ትላለች እማየን፤ መልስ እንደማታገኝ ስለምታውቅ ትንሽ ትጠብቅና ራሷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልሳለች፣ ከዚያ እኔን ይዛኝ ውኃ እንወርዳለን።

የካቲት ላይ ደመናው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት ወርዶ ዘነበ። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ፣ ነጠላውን እንኳ ሳይከናነብ፣ ቆሞ ሲዘንብ አየ። እልል ያለ አልነበረም። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ገባ።

በሳምንቱ የገበሬ ማኅበሩ ጥሩምባ ተነፋና ሰው ከትልቁ ወይራ ሥር ተሰበሰበ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ውበቱ፣ ከግብርና የመጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ አጠገባቸው አቁመው፣ ከቀጭን ውኃ ምንጭ ሥር ያለው ሜዳ ከእንግዲህ የጋራ አትክልት ቦታ እንደሚሆን፣ ለእያንዳንዱ አባወራ ሁለት ሁለት መደብ እንደሚሰጥና የድንች ዘርም እንደሚታደል ተናገሩ። ድንች በእኛ ቀዬ እምብዛም አይታወቅም ነበር። ወጣቱ አንዱን አንሥቶ «ይኸው ዓይኑ፣ የሚበቅለው ከዚህ ነው» ብሎ ሲያሳይ፣ አንዲት አሮጊት «ዓይን ያለው ነገር ተቀብሮ ተመልሶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም» ብለው ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ።

አያ ሞላ የመመዝገብ ሐሳብ አልነበራቸውም። እግራቸው አብጦ በምርኩዝ የሚሄዱ ሰው ነበሩ፤ ታንጉት ግን እጃቸውን ይዛ ወደ ፊት ጎተተቻቸው።

«አባየ፣ ይመዝገቡ።»

«ተመዝግቤስ ማን ሊቆፍረው ነው?»

«እኔና የሺ።»

እኔ ምንም አልተጠየቅሁም ነበር። በእኛ ቤት ስም መያዝ አይቻልም፣ አባወራችን የለምና፤ ስለዚህ መሬቱ በአያ ሞላ ስም ሆኖ ለሁለታችን ቤት እንዲሆን እሷ ቀድማ በልቧ ጨርሳ ኖሯል። አያ ውበቱ እኛን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ሞላ፣ ገበሬዎችህ እነዚህ ናቸው?» አሉ፤ ወደ ታንጉት ዞረው ደግሞ «ለመሆኑ ድንች ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«አላውቅም፣ አያ ውበቱ። እርስዎስ ያውቁታል?»

ሰው ሳቀ። ትዝ የሚለኝ፣ ሳቁ እንግዳ ነገር ሆኖብኝ የሳቁትን ሰዎች አፍ አፍ ማየቴ ነው። አያ ውበቱም ፈገግ ብለው «ጻፋቸው» አሉት ለጸሐፊው።

የደረሰን መሬት ሜዳው የሚያልቅበት፣ ከገደሉ የተንከባለለ ድንጋይ የሞላበት ጥግ ነበር። የዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ የዚያ ዓመት ጾም ከሌላው ቀን የሚለየው በስሙ ብቻ ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ ድንጋይ ለቀምን። ትልቁን ተጋግዘን እያንከባለልን፣ ትንሹን በቀሚሳችን እያቀፍን ወደ ዳር እያወጣን፣ ሲደክመን ምንጩ ዳር ተጋድመን፣ ተነሥተን እንደገና እንለቅም ነበር። ከዚያ በእኛ ቤት ዶማ መቆፈር ጀመርን፤ ዶማው ለሁለታችንም ይከብድ ስለነበር ዐሥር ዐሥር ጊዜ እየመታን እንቀባበለው ነበር፣ ታንጉት የኔን ተራ ጮክ ብላ እየቆጠረች፣ የራሷን ተራ ግን ሳትቆጥር ዐሥራ አምስትም ሃያም እየመታች። ባዶውን የከብት ቤታችንን በር ያን ጊዜ ነው የከፈትነው፤ ከሥሩ የደረቀውን ፍግ ቆፍረን በቁና ተሸክመን አወረድነው።

ዘሩ የታደለ ዕለት አርባ ድንች ደረሰን፤ ሃያ ለአንድ መደብ። አንዳንዱ ቤት ዘሩን በዚያው ቀን ቀቅሎ እንደበላው ሁሉም ያውቃል፣ የፈረደበትም አልነበረም። ታንጉት ግን ድንቹን ከመቅበራችን በፊት አስቆመችኝ።

«ማይ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ኪዳነ ምሕረትን፣ እስኪደርስ አልነካውም በይ።»

ማልኩ። እሷም ማለች። ከዚያ የግብርናው ወጣት እንዳሳየን ዓይኑን ወደ ላይ እያደረግን፣ በስንዝር በስንዝር እያራራቅን ቀበርናቸው። የመጨረሻውን አፈር ስታለብስ «ደህና እደሩ» አለቻቸው፤ ፀሐይ ገና ሽቅብ ነበረች።

መጋቢት አጋማሽ ላይ የእርዳታው እህል የሚመጣበት መንገድ ተበላሸ ተባለና ስንዴው ቀረ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ብቻዬን ውኃ ልቀዳ ወርጄ፣ እንስራዬን ምንጩ ዳር አስቀምጬ፣ ወደ መደቡ ሄድኩ። እያሰብኩ አልነበረም። በጣቴ አፈሩን ጭሬ ከዳር ካለው መደብ ሁለት ድንች አወጣሁ፤ አንዱ ነጭ ጎንቁል አብቅሎ ነበር፣ ሰበርኩት። ቤት ገብቼ ረመጥ ውስጥ ቀበርኳቸው። እማየ እንደ ወትሮው ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኝታ ነበር። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ትከሻዋ ትንሽ ሲነቃነቅ አየሁ፤ አልዞረችም፣ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልሰጠኋትም። ሁለቱንም ከነልጣጫቸው፣ አፌን እያቃጠለኝ ጨረስኳቸው። ጸጸት ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፣ ጸጸት አልመጣም፤ ደስታም አልመጣም። አፌን ጠርጌ ውኃውን ለማምጣት ተመልሼ ወረድኩ።

በማግስቱ ታንጉት የተጫረውን አፈር አይታ ቁጢጥ አለች።

«ጃርት ነው» አልኳት።

ጉድጓዱን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ «ጃርት ነው» አለች እሷም፣ ቀና ሳትል።

በዚያው ቀን አጥር ጀመረች። ከገደሉ ላይ የግራር እሾህ በማጭድ እየቆረጠች፣ በገመድ እያሰረች፣ በጀርባዋ እየጎተተች አመጣች፤ አራት ቀን ሙሉ። እጇም ክንዷም ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። ሰዎች ሲያልፉ «ምነው ልጄ፣ ቤተ መንግሥት ልታጥሪ ነው?» ይሏት ነበር፤ እሷ መልስ አልሰጠችም፣ ያ ለእሷ እንግዳ ጠባይ ነበር። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ እሾሁን ሳቀብላት፣ አንድ ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። አጥሩ ሲያልቅ ለመግቢያ እንኳ በር አልተወችለትም፤ ለመግባት ሁለታችንም ያስፈልገን ነበር፣ አንዳችን እሾሁን በእንጨት ከፍ አድርገን ካልያዝነው ሌላኛችን በሥሩ አናልፍም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ፣ አፈሩ ተሰነጠቀና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብቅ አለ። ከአርባው ሠላሳ አምስቱ በቀሉ። ታንጉት እያንዳንዱን ግንድ ታውቀው ነበር፤ «ይኼ ሰነፍ ነው፣ ያኛው ጎበዝ ነው» እያለች ትኮተኩታለች፣ ግንዱ ከፍ ሲልም አፈሩን እያቀረበች ታስታቅፈዋለች፤ አፈር ያላቀፈ ድንች ፀሐይ ያገኘውና ይመራል ብሎ የግብርናው ወጣት አስጠንቅቆን ነበር። አንድ ጧት አንድ ቅጠል ቀንጥሳ ወደ ቤታችን ይዛ ገባች፤ «እትየ ዝማም፣ እንዴት አደሩ?» ብላ እንደ ልማዷ ትንሽ ጠብቃ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ቅጠሉን በእማየ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠችው። እማየ አላየችውም፣ አልጣለችውምም። ማታ እራቷን ልሰጣት ስል እጇ ውስጥ ነበር።

ግንቦት ላይ ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ከወረዳ ቁጥር መጥቶ ነበር፤ ከማኅበራችን ይህን ያህል አባወራ ለሰፈራ ይሂድ ተብሎ። አያ ውበቱ ወረቀቱን ሲያነቡ ድምፃቸው አይሰማም ነበርና ሰው «ጮክ!» ይላቸው ነበር። በሬ የሌለው፣ ጉልበት የሌለው ቀድሞ ተጻፈ። የአያ ሞላ ስም ሲጠራ፣ አያ ሞላ በምርኩዛቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረጉ።

እኔ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ ታንጉት ነገረችኝ፣ አረም እየነቀልን።

«ረቡዕ እንሄዳለን።»

«የት?»

«መተከል የሚሉት አገር። ሜዳ ነው አሉ። በሬ ይሰጣሉ አሉ።»

«ድንቹስ?»

ከአንዱ ግንድ ሥር በጣቷ ጭራ አየች፤ ድንቹ ገና ከሽንብራ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም ነበር። አፈሩን መልሳ አለበሰችው። «ገና ነው» አለች። «ሳይደርስ አይነካም።»

ያን ጊዜ ነው ያወጣሁት፤ ለምን ያን ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ረቡዕ ቅርብ ስለነበር።

«ታንጉት፣ ጃርቱ እኔ ነኝ።»

መንቀሏን አላቋረጠችም። «ስንት?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«ከየትኛው መደብ?»

«ከዳር ካለው።»

«እኔ የበላሁት ከመሃሉ ነው» አለች። «ሦስት። አንቺ ጃርት ያልሽ ቀን የኔን ያየሽብኝ መስሎኝ ነበር።»

ተያየን። እጇን ዘርግታ የእሾሁን ጠባሳ አየችው፤ «አጥሩን የሠራሁት ለራሴ ነው እኮ» አለች። «ብቻዬን እንዳልገባ።» ከዚያ አንድ ጊዜ በአፍንጫዋ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ከዚያ አረማችንን ጨረስን።

ረቡዕ ጧት የጭነት መኪናዎቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ብዙ ሰው ነበረ፣ ግን ጸጥታ ነበር፤ የሚሰማው የመኪናው ሞተርና የሚጠራው ስም ብቻ ነው። አያ ሞላን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጧቸው። ታንጉት ወንድሟን በአንድ እጇ፣ አንድ ቅል በሌላው ይዛ ወጣች፤ ሰው ሲገፋፋ ትንሽ ጠፋችብኝና ከዚያ ጭንቅላቷ በመኪናው አጥር ላይ ብቅ አለ። ተቃቅፈን አልተሳሳምንም፣ ጊዜውን ማንም አልሰጠንም። መኪናው ሲንቀሳቀስ «የሺ! አፈር ማስታቀፉን እንዳትረሺ!» ብላ ጮኸች። «እሺ» አልኩ፤ አልሰማችኝም። አቧራው እስኪበርድ ቆሜ፣ ወደ ቀጭን ውኃ ወርጄ አፈር አስታቀፍኩ።

በሳምንቱ የማኅበሩ ጸሐፊ መጣና፣ አያ ሞላ ከማኅበሩ ስለተሰናበቱ መደቦቻቸው ለሌላ አባወራ እንደሚሰጡ ነገረኝ። ለእማየ ነገርኳት፣ ማንኛውንም ነገር እንደምነግራት፣ መልስ ሳልጠብቅ። «መሬቱን ሊወስዱት ነው» አልኳት፤ ገብቼ እሳቱን አዳፈንኩ።

በማግስቱ ጧት ስነቃ አጎዛው ባዶ ነበር። እማየ በሩ ላይ ቆማ መቀነቷን ትታጠቅ ነበር፤ መቀነቷ ከድሮው ሁለት ዙር ይበልጥ ዞሮላታል። ዶማውን አንሥታ «ነይ» አለችኝ። ከኅዳር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ወይራው ሥር ወንዶቹ ተቀምጠው ነበር። እማየ ከመሃላቸው ገብታ ዶማውን አያ ውበቱ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«አያ ውበቱ፣ ልጄ የተከለችውን ልጄ ትንቀለው።»

«እቴ ዝማም፣ እሰይ ተነሣሽ» አሉ እሳቸው፤ እውነትም ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። «ነገር ግን መሬቱ በሞላ ስም ነው። የአንቺ አባወራ ደግሞ የለም። ደንቡ...»

«ትርንጎን ስቀብር ደንቡ የት ነበር?» አለች እማየ። ድምፅዋ ከመተኛት ብዛት ሻክሮ ነበር እንጂ አልጮኸችም። «ሰው ልኬባችሁ ነበር። ጉድጓዱን ማን ቆፈረልኝ? በዚህ ዶማ፣ ያ ምርኩዘኛ ሞላና ይህች ልጅ ናቸው የቆፈሩት። አልከስሳችሁም፣ ሁላችሁም የየራሳችሁ ነበረባችሁ። አባወራ የለም ካላችሁ የኔን ስም ጻፉት።»

እኔም ያን ጉድጓድ መቆፈሬን ረስቼው እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነበር የሰማሁት። አያ ውበቱ ዶማውን አይተው ለጸሐፊው «ጻፋት» አሉት። ጸሐፊው በማን ስም እንደሆነ ሲጠይቅ «በስሟ ነዋ!» ብለው ተቆጡት። ከዚያ ተነሥተው ዶማውን በሁለት እጃቸው ለእማየ አቀበሏት።

ድንቹን ሰኔ መጨረሻ ላይ ክረምቱ ሳይጠና ነቀልነው። እማየ ትቆፍራለች፣ እኔ እለቅማለሁ፤ ከአንዱ ግንድ ሥር ስድስት፣ ከአንዱ ዐሥር ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ቆመ። እኒያ «ዓይን ያለው ነገር» ብለው የሄዱት አሮጊትም መጥተው አንዱን በነጠላቸው ጠርገው አሸተቱት። እማየ የመጀመሪያውን ድስት በጨው ቀቅላ ለቆሙት ሁሉ አንዳንድ ሰጠች፣ ለዘር የሚሆነውን ለይታ አስቀመጠች፤ የታንጉትን ድርሻ እኔ ለብቻ ቆጥሬ በአንድ ጥግ ከምሬው ነበር፣ «ይበሰብሳል ልጄ» አለችኝ፣ «ለጎረቤት ዘር ይሁን።» ለአራት ቤት አካፈልነው። እማየ የራሷን ድንች ስትበላ ሁለት ጊዜ ነክሳ አቆመች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከዚያ ከኅዳር ጀምሮ የተጠራቀመው ለቅሶ ሁሉ ወጣ፤ ሴቶቹ ከበቧት፣ ያን ጊዜ ነው ትርንጎ በወጉ የተለቀሰችው። እኔ የተቀቀለውን ድንች በእጄ ይዤ አየኋቸው። ጣዕሙ ጥሩ ነበር፤ ያንን አስታውሳለሁ።

ነሐሴ ላይ አባየ መጣ። ሸብቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እማየን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ ቤቱን ቀስ ብሎ ዞረ፣ ወደ ጓዳው፣ ወደ አጎዛው፣ ወደ ከብቱ በር። ትርንጎ የለችም። ገብቶ ተቀመጠና እማየ ድንች አቀረበችለት። «ይህ ምንድን ነው?» አለ፤ «ድንች ነው፣ የሺ ናት የተከለችው» አለችው። «ከታንጉት ጋር» አልኩ እኔ።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ተማርኩ፣ ዓመታት አለፉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከሰፈራ የተመለሱ ሰዎች በየመንገዱ ይታዩ ጀመር። አንድ ቀን አያ ሞላ በእግራቸው፣ በዚያው ምርኩዝ፣ ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡ፤ ልጁ ሰውነቱ ዳብሮ ጢም አውጥቶ ነበር። እማየ እግራቸውን አጠበችላቸው። ታንጉትስ አላልኩም፣ ከሁለቱ ኋላ የሚመጣ ሰው አለመኖሩን በሩ ላይ አይቼ ነበርና። ራሳቸው ነገሩን፤ በደረሱበት በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ወባ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ታመመች። እህል ገና አልደረሰም ነበር፣ መድኃኒትም አልነበረም።

«ያ ድንች እንዴት ሆነላችሁ?» አሉኝ ቆይተው።

«ጥሩ ሆነ፣ አያ ሞላ» አልኳቸው። «ብዙ ወጣ።»

«እሰይ» አሉ። ተነሥቼ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።

አሁን በከተማው በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አምና የሦስተኛ ክፍል ሁለት ሴት ተማሪዎች ነበሩኝ፣ ከአንድ ወንበር የማይለያዩ፤ የአንደኛዋ አባት ሥራ ተቀይሮ ቤተሰቡ ወደ ወልድያ ሄደ፣ ወልድያ፣ ጧት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው በዚያው ቀን የሚደርስባት ከተማ። የቀረችው ልጅ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማልቀስ ጀመረች። ዴስኩ ላይ ተደፍታ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች፤ ሌሎቹ ልጆች ዞር ዞር እያሉ እኔን ያዩኝ ነበር። ከእሷ ብዙም በማልበልጥበት ዕድሜ እኔ መኪናው ሲሄድ ዓይኔ ደርቆ የቆምኩ ልጅ ነበርኩ፣ ለብዙ ዓመታትም ያን ጥንካሬ ነው ብዬ ለሰው አወራው ነበር። «በቃሽ» አላልኳትም። ጠመኔውን አስቀመጥኩና አጠገቧ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ ክፍሉን በሙሉ ጸጥ አሰኝቼ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።